የወደቀ ዛፍ ዳግመኛ ሰው እንዳይጥል

(የማኅበራችን ጸሐፊ ክረምት ከመግባቱ በፊት በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የሰፈራችን እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም ወጣቶች፤

 የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከቅዳሴ መልስ እህል ሳትቀምሱ በቀጥታ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን። ብዙ አናቆያችሁም። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው፤ ይኸውም በነፋስና በዝናብ የሚወድቅ ዛፍ፣ ከወደቀም በኋላ እንዴት አድርገን እንደምናነሣው ነው።

«ይኼ ደግሞ ስብሰባ የሚጠራበት ነገር ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚለው ሰው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሆነውን እንዲያስታውስ እንለምነዋለን። ከዚያ ወዲህ ለገቡ ተከራዮች ደግሞ ነገሩን ከሥሩ እንነግራለን። ስንነግርም የሌላውን ስሕተት ብቻ ሳይሆን የኮሚቴውንም ጥፋት አንደብቅም። ጥፋት የሚታረመው ሲነገር ነውና።

እንደምታውቁት ሰፈራችን ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ የሚያገኘው እኛን ነው። ያን ለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ነፋሱ ቆርቆሮ ያነሣ ነበር። ወደ ወንዙ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ የነበረው ትልቁ ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ግንዱ በአንዲት እናታችን ማድ ቤት ላይ አረፈ፤ ጫፉ የመብራቱን ሽቦ ይዞ መንገዱን ዘጋው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናታችን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ዋናው ቤት ከገቡ ጥቂት ደቂቃ ሆኗቸው ነበር። ምድጃው ገና አልጠፋም ነበር።

ጩኸት ተሰማ፤ ሰው ሁሉ ወጣ። እዚህ ላይ የሰፈራችንን ሰው እናመሰግናለን። ጎረቤት ሲጮኽ በሩን የዘጋ አልነበረም። ነገር ግን አመጣጣችን እንዴት ነበር? አንዱ ገጀራ፣ አንዱ መጥረቢያ፣ አንዱ ባዶ እጁን ይዞ። አዛዥ አልነበረም፤ ወይም ሁሉም አዛዥ ነበር። ሕፃናት በሰው እግር መካከል ይሽሎከለኩ ነበር። ኮሚቴውስ ምን አደረገ? ኮሚቴው «ቶሎ ቶሎ በሉ፣ መንገዱ ይከፈት!» እያለ ያጣድፍ ነበር። የመጀመሪያው ጥፋታችን ይህ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? እኛም በጨለማ ቀንድ ነከስን።

አንድ ጎበዝ ወጣታችን ከግንዱ ሥር ታጥፎ የተያዘ ወፍራም ቅርንጫፍ በመጥረቢያ መታ። ሦስት አራት ጊዜ እንደ መታው ቅርንጫፉ ተፈናጥሮ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሰበረው። አምቡላንስ ተጠራ፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። ቃሬዛ ስለሌለን የአጥር በር ነቅለን፣ ልጁን በሩ ላይ አስተኝተን፣ በጭቃው ውስጥ እስከ ዋናው መንገድ ተሸከምነው። ልጁ አምስት ወር ከሥራው ቀረ። ዛሬ በራሱ እግር መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል፤ ትንሽ ያነክሳል። ስሙን አንጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ይህም ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ጨለማ ስለነበር ሁላችንም «መብራቱ ጠፍቷል፣ ሽቦው ሞቷል» ብለን እየተራመድንበት ነበር። በማግሥቱ የመጡት የመብራት ሠራተኞች ሽቦው የወደቀበትን ቦታና የእግራችንን ዱካ አይተው «ማን ነው እዚህ ላይ የሄደው?» ብለው ሲጠይቁን መሬት መሬት አየን። ያ ሌሊት አንድ እግር ብቻ ሰብሮ ማለፉ የእኛ ጥንቃቄ ውጤት አይደለም፤ ቸርነት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጥፋታችን እንምጣ። ዛፉ ለምን ወደቀ? «ነፋስ ጣለው» ብለን ብንተወው ደስ ይለን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ማኅበራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አስቆፈረ። ገንዘቡን እናንተ አዋጣችሁ፤ ቁፋሮውን እኛ መራን። ቦዩ በዛፉ አጠገብ፣ በተራራው በኩል አለፈ። ቆፋሪዎቹ ወፋፍራም ሥሮች ሲያገኙ «ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁን፤ እኛም «ቁረጡት» አልን። በዚያን ጊዜ ዛፉ ምንም አልሆነም፤ ቅጠሉም አልጠወለገም።

እስቲ የዕድራችንን ድንኳን አስቡት። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያሉትን ካስማዎች ብትነቅሏቸው ድንኳኑ ወዴት ይወድቃል? ነፋሱ ወደሚሄድበት ነው። ሥርም ለዛፍ ካስማው ነው። እኛ በተራራው በኩል ያለውን ካስማ ቆረጥን፤ ሐምሌ ላይ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ነፋሱ የቀረውን ጨረሰው። የወደቀውም በዚያች እናታችን ማድ ቤት ላይ ነው። ማድ ቤቱን ከእናንተ ጋር በደቦ ጭቃ አቡክተን መልሰን ሠርተናል፤ ቢሆንም ይቅርታ በዚህ ጉባኤ ፊት አልጠየቅንም ነበር። ዛሬ እናታችንንም ልጃችንንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህን ስንል ግን ዛፉን የሚራገም እንዳይኖር። ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ባለውለታ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ እንጨት ጠፋ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ትውልዱ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ መጥቶ ተተከለ፤ ቶሎ አድጎም ከተማይቱን አለበሳት። አጣናው ቤታችን፣ ፈለጡ እሳታችን፣ ቅጠሉ የእንጀራ ማገዶአችን ሆነ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ልጆች ያሳደጉ እናቶች በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ዛፉ ወዳጃችን ነው። ወዳጅም ቢሆን ግን ጠባዩ መታወቅ አለበት።

ጠባዩ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ረጅም ነው፤ ነፋስ የሚይዘው ከላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከባድ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 10 ኩንታል ይመዝናል። ሃያ ሜትር ቁመት ያለውና ግርጌው አንድ ክንድ የማይሞላ ዛፍ እንኳ ግንዱ ብቻ ስድስት ኩንታል ቢሆን አይግረማችሁ። ይህንን ነው እኛ በእጃችን ልንገፋ የሞከርነው! ሦስተኛ፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጉቶው እያረጀ ሲበሰብስ በላዩ የበቀለው ግንድ መያዣው ይላላል፤ ከመጋጠሚያው ይገነጠላል። አራተኛ፣ ተጠጋግቶ ያደገ ዛፍ እርስ በርሱ ከነፋስ ይጠባበቃል። ጎረቤቱ ሲቆረጥ ብቻውን የቀረው ቀጭን ዛፍ ነፋሱን አልለመደውም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ በሰፈራችን ዛፍ ሲወድቅ ምን እንደምናደርግ በተራ በተራ እንናገራለን። ኮሚቴው ይህን ያገኘው በማግሥቱ ከመጡት ሠራተኞች ምክርና በዛፍ ቆረጣ ከኖሩ የሰፈራችን ሰዎች ነው። ልጆች ላላችሁ፣ ቤት ስትገቡ ንገሯቸው።

አንደኛ። ሽቦ ካለ፣ ሽቦው ሕይወት እንዳለው ቁጠሩት። የቤታችሁ መብራት መጥፋቱ ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም። መብራት እንደ ሄደች ድንገት እንደምትመለስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞም አንዱ ጎረቤት ጄኔሬተሩን ያላግባብ ከቤቱ መስመር ጋር አያይዞ ካስነሣ ኤሌክትሪኩ ወደ ውጪው ሽቦ ሊመለስ ይችላል። ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ እሱም ይገድላል። በከተማችን ወደ ትራንስፎርመር የሚመጣው መስመር ደግሞ በብዛት 15 ሺህ ቮልት ነው፤ እሱን ለመንካት መቅረብም ይበቃል። እርጥብ ግንድ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የእሾህ ሽቦ፣ የረጠበ መሬት ሁሉ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ።

ስለዚህ ከወደቀ ሽቦና ሽቦውን ከነካ ዛፍ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ማለት ወደ 15 እርምጃ ያህል ራቁ። ሳታውቁ ቀርባችሁ ከሆነ አትሩጡ፣ እርምጃችሁንም አታስፉ። ኤሌክትሪኩ በመሬቱ ውስጥ ከሽቦው እየራቀ ሲሄድ እየደከመ ነው የሚሰራጨው፤ ሁለቱ እግሮቻችሁ ሲራራቁ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እግራችሁን አጠጋግታችሁ፣ ከመሬት ሳታነሡ፣ እየጎተታችሁ ራቁ። በመኪና ውስጥ ያለ ሰው ሽቦ ቢወድቅበት ሠራተኛ እስኪመጣ ከመኪናው አይውረድ። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ስታዩ በእጃችሁ አትያዙት፤ አዛኝ ሆኖ የጎተተ ተከትሎት ይሞታል። የቤት መስመር ከሆነ ከቆጣሪው አጥፉት። የመንገድ መስመር ከሆነ ግን ራቁ፣ ሌላውንም አርቁ፣ ደውሉ። ለመብራት 905 ነው። ሠራተኞቹ መጥተው «አጥፍተናል» እስኪሉ ድረስ አንድም መጥረቢያ እንዳይነሣ።

ሁለተኛ። ሰው ይቈጠር። ዛፍ ቤት ላይ ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንጨቱን ማን ይቁረጥ?» አይደለም፤ «ማን አለ ውስጥ?» ነው። ከሥር ሰው ካለ ወደ እሳትና አደጋ መከላከያ 939፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። አንድ ሰው ድምፁን እያሰማ የተያዘውን ሰው ያነጋግረው፤ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ። ማንም ግንዱ ላይ አይውጣ፤ የእናንተ ክብደት ከሥር ባለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ግንዱ ይበልጥ እንዳይሰምጥ በግራና ቀኝ ድንጋይና አጣና እያስገባችሁ ደግፉት። ካልተደገፈ በፊት ምንም አይቆረጥ። ቤቱ ያዘነበለ ከሆነ የተረፉት ቶሎ ይውጡ፤ ሲወጡ ከቻሉ የከሰሉን ምድጃ ያጥፉ፣ የጋዙን ሲሊንደር ይዝጉ። ለንብረት ብሎ የሚመለስ አይኑር። ቴሌቪዥን ይገዛል።

ሦስተኛ። በጨለማና ነፋስ ሳይቆም ግንድ አይቆረጥም። አንዱ ዛፍ የወደቀበት ነፋስ የጎረቤቱን ሥር አላልቶት ይሆናል። ሌሊት የምንሠራው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ማትረፍ፣ ሰውን ማራቅ፣ ቦታውን በገመድና በቀይ ጨርቅ ማጠር። የቀረው ሲነጋ ይደርሳል። «መንገዱስ?» ትሉ ይሆናል። ሽቦ ከሌለበት፣ ነፋሱም ከቆመ፣ ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ በባትሪ ብርሃን አንሥተን ለቃሬዛ የሚበቃ መተላለፊያ ብቻ እንከፍታለን። ካልሆነ አምቡላንሱን በሌላው መንገድ የሚመራ ልጅ እንልካለን።

አራተኛ። አዛዥ አንድ ይሁን። ከአሁን ጀምሮ ፊሽካ የያዘ አንድ ሰው ይኖራል። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም መሣሪያውን ያቆማል፤ ሽማግሌም ሆነ ኮሚቴ ይታዘዛል። ሁለት ሰው በአንድ ግንድ ላይ ፊት ለፊት መጥረቢያ አይሰነዝርም። ሕፃናትንና የሚመለከተውን ሰው የሚያርቁ ሁለት እናቶችን እንመርጣለን፤ ለዚህ ሥራ ከእናቶች ድምፅ የሚበልጥ የለም።

አምስተኛ። የታጠፈ እንጨት የተወጠረ ደጋን ነው። ልጃችንን የሰበረው ይህ ነው። ወድቆ የተኛ ዛፍ የሞተ ይመስላል እንጂ ውስጡ ኃይል አለ። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ዞር ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ግንዱ የት የት ላይ ነው ያረፈው? ምን ያህል ተለምጧል? ቢለቀቅ ወዴት ይሄዳል? በሚሄድበት በኩል ማንም አይቁም። ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሐሉ ባዶ የሆነ ግንድ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ መጋዙን ነክሶ ይይዛል፤ ከላይ ጥቂት ተቆርጦ ከታች ይጨረሳል። አንድ ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሌላው የተንጠለጠለ ከሆነ ግን በተገላቢጦሽ ከታች ጥቂት ተቆርጦ ከላይ ይጨረሳል። አለዚያ ተሰንጥቆ ቆራጩን ይመታል። ከቀጫጭኑ ይጀመራል፤ ግንዱን ደግፈው የያዙት ቅርንጫፎች መጨረሻ ናቸው። ዳገት ላይ ከሆነ ቆራጩ በላይኛው በኩል ይቁም፤ ግንድ ይንከባለላልና። ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ ካለ በሥሩ አይታለፍም፤ የደገፈውም ዛፍ አይቆረጥም፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ስድስተኛ። ከሥሩ ጉድጓድ ራቁ። ይህን የምንነግራችሁ ዓይናችን ስላየ ነው። በማግሥቱ ጠዋት የዛፉ ሥር ከነአፈሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ ከኋላው ትልቅ ጉድጓድ ነበረ። ልጆቻችን ጉድጓዱ ውስጥ ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር። አንድ ሠራተኛ ጮኾ አስወጣቸው። ጥቂት ቆይቶ ግንዱ ሲቆረጥ የከበደው ሥር ከነአፈሩ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ተደፋ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ዝም አልን። ግንዱ እስካለ ድረስ ሥሩን አቁሞ የያዘው እሱ ነበር፤ ግንዱ ሲለይ ሥሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወላጆች፣ ይህን አንዱን እንኳ ለልጆቻችሁ ሳትነግሩ አትደሩ።

ሰባተኛ። ውሃውን አስቀድሙ። ዛፍ ሲወድቅ ቦይና ቱቦ ይደፈናል፤ ቅጠሉም ተጠራቅሞ ይዘጋል። በዚያው ዝናብ ጎርፉ ወደ ታችኛው ቤቶች ይገባል። ቦታው ለመሥራት የማያሰጋ ከሆነ፣ ከመንገዱም በፊት ውሃው የሚያልፍበት ይከፈት።

ስምንተኛ። ስለ እንጨቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆጣ ብንል አትቀየሙን። ያን ለት ሌሊት ልጁን ተሸክመን ስንሄድ ሌሎች ቅርንጫፉን ተሸክመው ሄደዋል። ሲነጋ ግማሹ ጠፍቷል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው። ማድ ቤቷ የፈረሰባት እናት አንድ ፈለጥ እንኳ አልደረሳትም። ግንዱን አትርፈን ሸጠን 6,200 ብር ተገኘ፤ ሙሉ በሙሉ ለልጁ ሕክምና ውሏል፤ ደረሰኙ በማኅበሩ መዝገብ አለ፤ የፈለገ ይመልከት። ከእንግዲህ የወደቀ ዛፍ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ ይቈጠራል፣ ይከመራል። የግል ዛፍ የባለቤቱ ነው። በመንገድና በወንዝ ዳር ያለው የማናችንም አይደለም፤ ወረዳውን ጠይቀን በሚፈቀደው መሠረት ይሠራበታል። ሲፈቀድ ተጎጂ ይቅደም፤ ቅጠሉና ጭራሮው ማገዶ ለሚቸግራቸው ይሰጥ።

ዘጠነኛ። ስለ ቆራጭ። ዛፍ በወደቀ ማግሥት የሞተር መጋዝ ይዘው በየበሩ የሚዞሩ አሉ። የተጨነቀ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ እነሱም ያውቁታል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረን ዋጋውን በጽሑፍ እንስማማለን። በጽሑፉም ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ፤ እንጨቱን ማን ያነሣል፣ ቤት ወይም አጥር ቢሰበር ማን ይከፍላል፣ ሠራተኛው ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል። ማኅበሩ ራሱ የሞተር መጋዝ እንዲገዛ ሐሳብ ያቀረባችሁ ወጣቶች ነበራችሁ። ሐሳባችሁን አከብረናል፤ ግን አንገዛም። ያ መሣሪያ ጫፉ ጠንካራ ነገር ሲነካ ወደ ቆራጩ ፊት ይመለሳል። ያልሠለጠነ ሰው እጅ ሊገባ አይገባም። አንድ እግር ይበቃናል።

እስካሁን የተናገርነው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ስላለው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ከመውደቁ በፊትም እንይ። በየግቢያችሁና በየመንገዱ እነዚህን ምልክቶች ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ የኖረ ዛፍ አዘንብሎ ከተገኘ፤ በአንድ በኩል ግርጌው ያለው አፈር ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ፤ ከግርጌው እንጉዳይ ከበቀለ፤ በመዶሻ ጀርባ ሲመታ እንደ ከበሮ ባዶ ከጮኸ፤ ቦይ፣ መሠረት ወይም የኮብልስቶን ሥራ ሥሩን ቆርጦ ካለፈ፤ ትልቅ ቅርንጫፍ ደርቆ ከተንጠለጠለ። ይህን ያየ ለኮሚቴው ይንገር። «ጎረቤቴ ይቀየመኛል» አይበል። ዘንድሮ ኮሚቴው በሰፈሩ ዞሮ ዛፎቹን ተመልክቷል፤ የሚያሰጉ አራት አግኝተናል። ሦስቱ ባለቤቶች ተስማምተዋል።

አራተኛው ዛፍ የአንድ አዛውንት አባታችን ነው። እሳቸውም እዚህ ስላሉ በክብር ነው የምንናገረው። አባታችን ዛፉን የተከሉት የበኩር ልጃቸው የተወለደ ጊዜ ነው። ልጁ ዛሬ በሕይወት የለም። «ይህን ዛፍ ስታዩ እናንተ እንጨት ታያላችሁ፤ እኔ የማየው ሌላ ነው» ብለውናል። ምን እንመልስላቸው? ሁለት ቀን መልስ አጣን። ቀጥለውም «ከወደቀም በእኔ ላይ ይውደቅ» አሉን። አባታችን፣ በእርስዎ ላይ የሚወድቅ ቢሆንም እንኳ አንፈቅድም። ዛፉ ያዘነበለው ግን ወደ መንገዱ ነው። በዚያ መንገድ ጠዋትና ማታ ልጆች ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። የሌላ ሰው የበኩር ልጅ ያልፍበታል።

ስለዚህ ኮሚቴው እንዲህ ሲል ይለምናል። ዛፉ በባለሙያ ከላይ ወደ ታች ተቆራርጦ ይውረድ፤ ወጪውን ማኅበሩ ይሸፍን። ከግንዱ ሁለት ጥሩ አግዳሚ ወንበር እናሠራለን፤ አንዱ በደጅዎ፣ አንዱ በዕድሩ ቤት ይቀመጣል። በቦታው ደግሞ ከመንገዱና ከሽቦው ራቅ አድርገን፣ ልጆቹ ራሳቸው ጽድ ወይም ወይራ ይተክሉልዎታል፤ ውሃውንም እነሱ ያጠጣሉ። መልሱን ዛሬ አንጠይቅዎትም። ክረምቱ ግን አይጠብቀንም።

በመጨረሻም ጉባኤው እንዲወስን የምናቀርበው ይህን ነው። በየቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ 100 ብር ይዋጣ። አባወራና እማወራ 128 ነን፤ 12,800 ብር ይሆናል። በዚህ ሁለት ረጅም ገመድ፣ በሁለት ሰው የሚጎተት መጋዝ፣ ሽብልቆች፣ የቆዳ ጓንት፣ እንደ ግንባታ ሠራተኞች ያለ የራስ መከላከያ፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ፊሽካና አንድ ቃሬዛ እንገዛለን። ዋጋውን አጣርተን በሰሌዳ እንለጥፋለን፤ የተረፈ ካለ ለአራቱ ዛፎች ሥራ ይውላል። መቶ ብር የሚከብደው ቤት ካለ ለጸሐፊው በጆሮ ይንገር፤ ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። ዕቃው በዕድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሆናል፤ ስማቸውና ቤታቸው በሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ከየመንደሩ ሁለት ሁለት ወጣት ይመረጥ። ሌላው ውሳኔ፣ ከእንግዲህ ማኅበሩ በሚያስቆፍረው ቦይ ላይ የዛፍ ሥር ሲገኝ ቁፋሮው ይቁም፤ ኮሚቴው ብቻውን «ቁረጡት» የማለት ሥልጣን አይኑረው። ይህን በራሳችን ላይ የምናቀርበው እኛው ነን።

ከኋላ የተቀመጠው ልጃችን የቡድኑ መሪ እንዲሆን ጠይቀነው ነበር። ገና ሲነግሩት «ፊሽካውን እኔ ልያዝ» አለ። «ቶሎ በሉ የሚል ሰው ሲመጣ እነፋበታለሁ» ብሎናል። እኛን ማለቱ እንደሆነ ገብቶናል። ተስማምተናል።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ነፋስ ማስቆም አንችልም፤ ዝናቡም ይምጣ፣ በረከት ነው። እኛ የምንችለው ጎረቤት ሲጮኽ እንዳለፈው ጊዜ ሁላችን መውጣት፣ እንዳለፈው ጊዜ ግን አለመሆን ነው። ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው